ቁጭ ማለትን ዘግይተው የተማሩት የአቶ ክብሩ ዘለለው የሕይወት ታሪክ

አቶ ክብሩ ዘለለው ከአባታቸው ከአቶ ዘለለው ማንደፍሮ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እታለማሁ ገብሬ ጥር 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ለመንግሥት ሥራ ከመንዝ የመጡ ጸሐፊ ነበሩ። አቶ ክብሩ እዚያው ጎባ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው ስላረፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1968 ዓ.ም. የእህል ጭነት መኪና ረዳት ሆኑ። በ1975 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አወጡ።

በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋዓለም ተክሌ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፍስሐንና እስከዳርን ወልደዋል።

ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በሮቤና በጎባ መካከል ሚኒባስ ነዱ። ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ፤ ሲመሽ ገብተው እራታቸውን ሳይጨርሱ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ከጎባ በላይ ያለው ተራራ በየቀኑ ፊት ለፊታቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን የሚያዩት መንገዱን፣ ባጃጁንና የፈረስ ጋሪውን ነበር። ቤተ ሰቡም ቢሆን በደንብ ያያቸው በዓመት በዓል ብቻ ነው።

በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ሮቤ መነኻሪያ ተሳፋሪ አውርደው እንደ ጨረሱ መሪው ላይ ተደፉ። ሐኪሙ የልብ ሕመም መሆኑን ነግሯቸው ከእንግዲህ እንዳይነዱ ከለከላቸው። ዕረፍቱ ግን ከሥራው ይልቅ አደከማቸው። በየማለዳው መነኻሪያ ሄደው ይቆማሉ፣ ተራ አስከባሪውን ይቆጣሉ፣ ደረታቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ወ/ሮ ሸዋዓለም ጭንቅ ያዛቸው። የሚኒባሱ የቆየ ደንበኛ የነበሩትን፣ ከጎባ በላይ ጫካው ውስጥ ንብ የሚያነቡትን አቶ ከማለዲንን፣ «እባክዎ ወንድሜ፣ ከመነኻሪያው ያውጡልኝ፤ እዚያው ቆሞ ሊሞትብኝ ነው» ብለው ለመኗቸው።

በመጀመሪያው ቀን አቶ ክብሩ እንግድነት የተጠሩ መስሏቸው በሽቶ ሳሙና ታጥበው፣ ፀጉራቸውን ቅባት ተቀብተው ሄዱ። ንብ እንዲህ ያለ ሽታ አይወድምና ሦስት ቦታ ነደፋቸው። አቶ ከማለዲን፣ «ሰርግ ነው ያልኩህ? ነገ በባዶ ውሃ ታጥበህ ና» አሏቸው።

ንብ አናቢ ወደ ቀፎው ከመቅረቡ በፊት ራቅ ብሎ ተቀምጦ ንቡ እስኪረጋ በዝምታ ይጠብቃል። ለአቶ ክብሩ ከመነደፉ ይልቅ የከበዳቸው ይህ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ከማለዲን፣ አንነሣም?» ይላሉ። አቶ ከማለዲንም «ታኢ፣ ቁጭ በል፤ ማን ጥሩምባ ነፋብህ?» ይሏቸዋል።

በዓመቱ እስከ እኩለ ቀን መቀመጥ ቻሉ። አስታው መቼ እንደሚያብብ፣ ድኩላዋ በየት በኩል ወደ ውሃ እንደምትወርድ፣ ጉሙ ኮሶውን ሲሸፍነው ወፎቹ እንዴት ዝም እንደሚሉ ለቤተ ሰባቸው ይነግሩ ነበር። «ይህን ሁሉ ዘመን በተራራው ሥር ስመላለስ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም» ይሉም ነበር። ይህን ሲሉ ድምፃቸው የደከመ ነበር።

በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. ባለቤታቸውን ይዘው ወደ ጫካው ወጡ። ከቀፎዎቹ ራቅ ብለው እስከ እኩለ ቀን ተቀመጡ። ወ/ሮ ሸዋዓለም ማምሻውን ለልጃቸው ለእስከዳር፣ «ከአባትሽ ጋር ሁለታችንም ሳናንቀላፋ ይህን ያህል ስንቀመጥ ገና ዛሬ ነው» ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ የሁለቱ ቀን ሆነ።

ከየካቲት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እግራቸው እያበጠ ዳገቱን መውጣት አልቻሉም። ልጃቸው ፍስሐ ለተሻለ ሕክምና አዲስ አበባ ልውሰድዎ ቢላቸው፣ «መንገድ በቃኝ፣ ልጄ» አሉት። ጎባ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ረቡዕ ሲሆን ወ/ሮ ሸዋዓለም በረንዳው ላይ ወንበር እያወጡ አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር። አቶ ክብሩ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

አቶ ክብሩ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የሦስት ልጆችም አያት ነበሩ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ወዳጃቸው አቶ ከማለዲን እጅግ አዝነዋል።

አቶ ክብሩ ማረፍን የተማሩት በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ብቻ ነው። የቀረውን እግዚአብሔር በመንግሥቱ ይሙላላቸው፤ ለወ/ሮ ሸዋዓለምም የረቡዕን ቀን ያቅልልላቸው። አሜን።