የዳለቲ ግራ ትከሻ

ሰኞ፣ የካቲት 6 – ምሽት 1፡00

የዛሬ ፎቶ፦ ባጃጅ ሹፌር በስፖኪዮ ጢሙን ሲላጭ። መነኸሪያው ዳር፣ ፀሐይ ከጀርባው። ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀን ስለሆነው በሻይ ብርጭቆ ነው የሚላጨው። ስፖኪዮው ውስጥ ግማሽ ፊቱ አረፋ፣ ግማሹ እኔን የሚያይ ዓይን። ስልኬን ደግኜ ተንበረከክሁ፣ ቀሚሴ ቀይ አፈር ሆነ። ምን ሆነሻል አለኝ፣ ቀጥል አልኩት። ቀጠለ። እስከ ቤት ድረስ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ።

ደብተሬ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ፦ በቀን አንድ። ሁለት ካማሩኝ አንዱ ይጠፋል። ማንም አላዘዘኝም፣ ራሴ ያወጣሁት ነው። አንድ ብቻ ነው ሲባል ዓይን ይሠራል። ቀኑን ሙሉ የመ/ቤቱን ፋይል አቧራ ስበላ የምውል ሴት ነኝ፤ ከቢሮ እስከ ቤት ያለችው የሃያ ደቂቃ መንገድ ግን የራሴ ናት።

አቡያ ጂሎ ደወሉ። የእናቴ ወንድም ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ዘመድ ብዬ የምጠራው እሳቸውን ነው። ከቦሬ ሣር የጫነው አይሱዙ እሳቸው መንደር ሳይደርስ ሣሩ አለቀበት። ስንት ከብት ቀረ ብዬ አልጠየቅሁም። ከብት አይቆጠርም፣ ነውር ነው፣ ክፉ ይጠራል። እዚህም አልጽፈውም። አምና በረቱ ሞልቶ በሩ ላይ ይጋፉ ነበር። አሁን የአንድ እጅ ጣት ይበዛበታል።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

የዛሬ ፎ.፦ የልብስ ሰፊው እግር በፔዳሉ ላይ። ደብዛዛ ወጣ። ሰዓዳ (የሞባይል ሱቅ ያላት ጓደኛዬ፣ ፎቶም ታትማለች) አይታ የተበላሸው ይሻላል አለችኝ፤ እግሩ ሲሮጥ ይታያል። እውነቷን ነው። ሌላ ላነሳ ነበር፣ ተውኩት።

ሙቀቱ አያስተኛም። ደመና የለም። ስለ ዝናብ የሚያወራም የለም አሁን፣ ሰው ደክሞታል።

እሑድ፣ የካቲት 12 – ጠዋት 2፡30

ከአቡያ ዘንድ መመለሴ ነው። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ። አንቺን ምን እደብቅሻለሁ፣ ከደስታ ነው።

ጠዋት 12፡40 ደረስሁ። ፀሐይዋ ገና ከግራሮቹ በላይ ብቅ ስትል። አቧራው በርቷል፣ ሁሉም ነገር ጠርዝ ጠርዙ ይበራል። ዳለቲ ከበረቱ ደጃፍ ወድቃለች። ግራጫዋ ላም ናት፣ አሮጊት፣ የአቡያ ሚስት የአዴ ሎኮ የዓይን ብሌን። በዚህ ድርቅ ከብት ማታ ከተኛ ጠዋት በራሱ ጉልበት አይቆምም፤ ሰው ተሰብስቦ ከሥር ደግፎ ያቆመዋል። ካልቆመ እዚያው ነው።

አቡያ ቀንዷን ይዘዋል። አዴ ሎኮ ጅራቷን። ሁለት ጎረቤቶች ዳሌዋ ሥር ገብተዋል። ልጃቸው ሞያሌ ጭነት ላይ ነው፣ ሌላ ወንድ የለም። አንድ የማላውቀው ግመል ነጂ ግመሎቹን መንገድ ላይ ጥሎ ሮጦ መጣና በቀኝ ትከሻዋ ገባ። እኔ ደረቴ መሬት ነክቶ ተጋድሜያለሁ። ስልኬን በሻሼ ወለወልሁ። የአቡያ አንገት ሥር፣ የአዴ ሎኮ ጥርስ፣ የግመል ነጂው ባዶ እግር አቧራ ውስጥ ሲሰምጥ። የላሟ ዓይን። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነካሁት። በሕጌ አሥራ ስምንቱን አጠፋለሁ፣ አንዷ ግን፣ አንዷ! በዕድሜዬ እንዲህ ዓይነት አላነሳሁም።

ዳለቲ እስከ ጉልበቷ መጥታ ተመልሳ ወደቀች። በግራ በኩል ነው የወደቀችው፣ እግሯ ከሥሯ ታጥፎ። አዴ ሎኮ ያ ዋቅ፣ አምላክ ሆይ፣ አሉና ጅራቷን ለቀቁ። ረፋዱ ላይ እንደገና ይሞክራሉ። እኔ አልጠበቅሁም፣ ባጃጁ ሊሄድ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 13

ሰዓዳ በትልቁ አትማ ከሱቋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፣ ከቻርጀሮቹ በላይ። የገባው ሁሉ ይቆማል። አንዱ ሽማግሌ ካርድ ሊገዛ መጥቶ ካርዱን ረስቶ ወጣ። አለቃዬ ሳይቀር መጥቶ አየ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ መስለሽኝ ነበር ዳኪ፣ ለካ ባለሙያ ነሽ አለኝ። ሰዓዳ ከእንግዲህ አንቺ አጠገብ ሰው አልባልም ብላ አፌዘችብኝ። እንደ ሙሽራ ነበር የዋልሁት።

የዛሬ ፎ.፦ አላነሳሁም። የትናንቱ ይበቃል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 14 – ምሽት 12፡30

አዴ ሎኮ ደወሉ። ዳለቲ ትናንት ቀትር ላይ ሞተች። እሑድ ረፋድ ላይ ዳግም ሲሞክሩ እግሯ ተሰብሮ አገኙት።

አልከሰሱኝም። እንደ ወሬ ነው የነገሩኝ፦ ግራ ትከሻዋ ሰው አጣ፣ ወደዚያ አዘነበለች። ከዚያ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ደህና ነኝ አልኩ።

ሄጄ ፎቶውን አየሁት። ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር፣ ከሰው ኋላ ቆሜ አየሁት። አቡያ፣ አዴ ሎኮ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች፣ ግመል ነጂው። አምስት። ከግራ ትከሻዋ ሥር አቧራ ብቻ ነው የሚታየው፣ የሚያምር የበራ አቧራ። ክፍት ነው ቦታው። እኔ የምገባበት ቦታ ነው።

ሕጉን እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ላም ሲያቆሙ የደረሰ ሰው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ እጁን ከሥሯ ያገባል። አካም፣ ናጋ የሚባለው ከቆመች በኋላ ነው። ግመል ነጂው መንገደኛ ነው፣ ላሚቱን አያውቃትም፣ አደረገው። እኔ ስንት ዓመት ወተቷን ጠጥቻለሁ። እሱ ቀኝ ትከሻዋን ሲይዝ እኔ በግራ በኩል ብርሃኑ የሚገባበት ነፃ ቦታ አገኘሁ ብዬ ነበር። ብዬ ነበር ደብተሬ! በልቤ ያልኩት ይሄ ነው።

አፈር ልብላ።

ሐሙስ፣ የካቲት 16

ፎቶውን ከግድግዳው አወረድሁት። ሰዓዳ ተቆጣች። ምክንያቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ፣ ላሟ ያረጀች ነበረች አለች። ከዚያ ራሷም ፎቶውን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችው። ግራ ትከሻዋን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ወዲያ ለምን አወረድሽ አላለችኝም።

ለአቡያ ልደውል ስልኩን ሦስቴ አነሳሁ። ምን እላለሁ። ይቅርታ ላም አይሆን።

እሑድ፣ የካቲት 19

አልሄድኩም። ሆዴን አመመኝ ብዬ መልእክት ላክሁ። ውሸት። ቀኑን ሙሉ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣራውን አየሁ።

ፎ. የለም። ሰባት ቀን ሆነው። መንገዱ ላይ የሚያምር ነገር ሳይ ዓይኔን እሰብራለሁ። ትናንት አንዲት ሴት በተገለበጠ ጃንጥላ ብርቱካን ተሸክማ ታልፋለች፣ ጃንጥላው ቀይ። አሳለፍኳት። ይሄም የሚገርም ነው፤ ፎቶ ማንሳቴን እንደ ቅጣት ከራሴ ነጥቄ ተቀመጥሁ፣ ለአቡያ ግን ምን ጠቀማቸው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 25 – ከሰዓት

ሄድኩ። ትናንት ማታ እንዳልቀር ለባጃጁ ሹፌር ቀድሜ ነገርሁት፣ ሲመጣ እንዲያስነሳኝ።

ቀይዋ ላም ወድቃ ነበር። ቦርሳዬን እሾሁ ላይ ወርውሬ ገባሁ፣ በግራ ትከሻ። አጥንቷ ክንዴን ቆረጠኝ፣ ፀጉሯ እጄ ላይ ቀረ፣ ትንፋሿ አንገቴ ላይ። ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከመሬት ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አቡያ ሦስት ስል እናንሳ አሉ። አነሳን። ቆመች። እግሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆመች።

አካም አሉኝ ከዚያ። ናጋ አልኩ። 

አዴ ሎኮ ሻይ ሰጡኝ፣ ወተት የሌለው። ስልኬ ውስጥ አምና ያነሳኋቸው ከብቶች እንዳሉ ያውቃሉ፤ አንዲቷን ብቻ አሳዪኝ አሉኝ። አሳየኋቸው። ላም አለኝ በሰማይ አሉና ሳቁ። ሳቁ እንጂ። እኔ ነኝ ያለቀስሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 30 – ከሰዓት

አቡያ ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። የበረቱን በር በእሾህ መዝጋት ትቻለሁ አሉኝ።

 ስልኩን አልዘጋሁትም። እሳቸውም አልዘጉትም። ነፋስ ይሰማኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5 – ምሽት 1፡00

ለምሳ ቤት ገብቼ ሳለ አቡያ መጡ። በጓሮ በር ነው የገቡት። በዚያ በር ገብተው አያውቁም።

ከብት ያለቀበት አባወራ ከተማ ይመዘገባል፤ የተመዘገበ ከከተማው ዳር መጠለያ ይሰጠዋል፣ እህልም። አራት ጉርድ ፎቶ አምጡ ተብለዋል። ፊት ለፊት፣ ጀርባው ነጭ፣ ራስ ያልተሸፈነ። ሰዓዳ ሱቅ አልሄድም፣ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም፣ አንቺ አንሺኝ አሉኝ። እኔን ነው የጠየቁት። እምቢ ማለት እችል እንደሆነ አላወቅሁም፤ አላልኩም።

አንሶላ በሚስማር ወጠርሁ። በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጥምጣማቸውን ፈቱ፣ ቀስ ብለው፣ ዙር በዙር፣ ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ባዶ ራሳቸውን አይቼ አላውቅም። ከግንባራቸው በላይ ቆዳው ነጣ ያለ ነው፣ ፀሐይ አያውቀውም፣ እንደ ሕፃን። ቀና በሉ አልኩ። ቀና አሉ። ብርሃኑ ከበሩ ይመጣል፣ ለስላሳ፣ ልክ የምወደው። ጠላሁት።

ሳላነሳ ቆየሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ስልኩ ላይ አድርገው፦

«ያን ዕለት ብርሃኑ ጥሩ ነበር?»

ጥሩ ነበር አልኩ። 

«ስድስተኛ ብትሆኚም ትወድቅ ነበር ይሆናል። አላውቅም። አንቺም አታውቂም» አሉኝ። ከዚያ አንሺ አሉኝ። አንዴ ብቻ ነካሁት። ጥምጣሙን መልሰው እስኪጠመጥሙ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆየሁ።

ምሳ አቀረብሁ። ትንሽ በሉ። ዛሬ እዚሁ ያድራሉ። ወደ ባዶ በረት ለምን ይመለሳሉ። አዴ ሎኮ ከጎረቤት ጋር ናቸው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6 – ምሽት 2፡00

ከሥራ ስወጣ ሰዓዳ ዘንድ። ደንበኞቿን ሸኝታ መዝጊያውን ግማሽ አወረደች። አራት ጉርድ። ማን እንደሆኑ ገባት፣ ትልቁ ፎቶ ላይ አይታቸዋለች። በመቀስ ስትቆርጥ ከጠርዙ ምንም እንዳይነካ ተጠነቀቀች።

ቤት ስገባ አቡያ አራቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ይሄ ሰውዬ ጠግቦ የሚያድር ይመስላል? አሉኝ። መቀለዳቸው ነው። ከዚያ ስልክሽ ላይ ያለውን አጥፊው አሉ። ጥምጣም የሌለው ጂሎ እዚህ ወረቀት ላይ ይበቃል፣ ሌላ ቦታ አይኑር። ፊታቸው አጠፋሁት። ከተጣለበት ቦታም አውጥቼ አጠፋሁት፣ እንዲያዩ ስልኩን ወደሳቸው አዙሬ። ቆንጆ ፎቶ ነበር። ይሄን ለማንም አልናገርም፣ ለአንቺ ብቻ።

ነገ ነው ምዝገባው። ሰልፉ ከብት ገበያው ፊት ለፊት ነው የሚጀምረው። ሠላሳ ዓመት ወይፈን እየነዱ የገቡበት በር። ደላሎቹ ሁሉ ያውቋቸዋል፣ ስማቸውን ጠርተው ነው የሚስቁባቸው። በሌሊት እሄዳለሁ፣ በጨለማ ፊት ቦታ እይዛለሁ አሉ። ሰባ ዓመታቸው ነው። ምዝገባው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት። እስከዚያ ይነጋል፣ ሁሉም ያያቸዋል።

ለአለቃዬ ደወልሁ። ነገ አልገባም አልኩት። ለምን አለኝ፣ የዘመድ ጉዳይ አለብኝ አልኩ።

አቡያ፣ የምዝገባ ወረቀቱንና ፎቶዎቹን ስጡኝ አልኳቸው። ለምን አሉ። ስምዎ ሲጠራ እደውላለሁ፣ ባጃጅ ያመጣዎታል፣ ገብተው ፈርመው ይወጣሉ። እስከዚያ እዚህ ጥምጣምዎን እንዳሰሩ ይቀመጡ። አይሆንም አሉ፣ አንቺን ምን ይሉሻል። የሚሉትን ይበሉኝ አልኩ።

ጥምጣማቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ ፎቶዎቹን ወረቀቱ ውስጥ አጥፈው ሰጡኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። 11 ሰዓት ሌሊት እወጣለሁ፣ ሰልፉን የምይዘው እኔ ነኝ።