ባለስሟ እያለች

ለእኅቴ ለትርንጎ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እዚያው ሹም አቦ ሰፈር ደኅና ነን። ይህን ወደ ቤይሩት የምትመጣ ጎረቤት ታደርስልኛለች፤ ያለፈውም ደብዳቤ ደርሶሽ ይሆናል፤ መልስሽን ግን እስካሁን አላየንም።

ሚስቴ ሴት ልጅ ወለደች። ዛሬ የሰፈሩ ሴት ሕፃን ሁሉ ስሟ ወንጌላዊት ስለሆነ ያንቺን ስም ላወጣላት አሰብሁ። ትርጉሙን ለሚጠይቀኝ፣ ከሎሚ የሚተልቅ ፍሬ ነው፣ የዘጌዋ አያታችን ከጓሮዋ ዛፍ ወስዳ ያወጣችልሽ ነው እላለሁ። እማ ግን «ባለስሟ እያለች ለሌላ አይወጣም» ብላ ከለከለችኝ። እኛም እስካሁን ማሚቱ እንላታለን።

እሑድ ዕለት እማ ሕፃኗን ስታጥብ «ትርንጎዬ» ስትላት ሰማሁ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ። እመብርሃን ትጠብቅሽ።

ወንድምሽ ምናሴ