እናቴ አንዴ «ይቅርብን» ስላለች ክፍሏን ለሌላ ለሰጡት ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለክቡር አቶ ናጋሚነ፣ ሐኮኔ ተራራ ላይ ላለው ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

እርስዎን ነው፣ አቶ ናጋሚነ። የጋዜጣውን ገጽ አይግለጡት፣ ደብዳቤው የእርስዎ ነው። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ቀኑን ሙሉ ለእንግዳ ሲጎነበሱ የሚውሉ ሰው ስለሆኑ የወገብዎ ነገር ከልብ ያሳስበኛል። እኔ ኑማዙ ከተማ ታክሲ የምነዳ፣ ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየሁ ሴት ነኝ። ነዳጅ በሞላሁና ጎማ በቀየርኩ ቁጥር በሆቴልዎ ካርድ እየከፈልኩ ለዓመታት በነፃ የሚያሳድር ነጥብ ያጠራቀምኩት እናቴን አንድ ቀን ፍል ውሃችሁ ውስጥ ላስገባት ብዬ ነው። እናቴ ፉሳኤ ፍል ውሃ ነፍሷ ነው። አንድ ጡቷ በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ ግን ሰው ፊት ልብሷን አታወልቅም።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበልዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ኦኩዳይራ የሚባለው እንግዳ ተቀባይዎ በነጥብ የመጣን መሆናችንን ኮምፒውተሩ ላይ ሲያይ፣ ጥርሱ እንደሳቀ ዓይኑ ብቻ ሲዘጋ አየሁት። ይህን ለማሠልጠን ስንት ወር ይፈጅብዎታል?

ሁለተኛ፣ ስለ ልግስናዎ። የራሱ ፍል ውሃ ያለው የላይኛው ክፍል ስለተለቀቀ ያለ ጭማሪ ክፍያ ልስጣችሁ ብሎን ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ «አይ ልጄ፣ ይሄማ ለኛ ይበዛል፣ ይቅርብን» አለች። እኛ አገር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ደግሞ ይለምናል። እሷም አንገቷን ደፍታ ልመናውን እየጠበቀች ነበር። እኔ ዘልዬ «እሺ» ብል እናቴን ስግብግብ ማስመሰል ነው ብዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ያዝኩ። እሱ ግን «እሺ፣ እንደ ፈቃድዎ» ብሎ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ክፍሉን ከኋላችን ለቆሙት ባልና ሚስት ሰጠ። የሥራ ቅልጥፍና ይሏል ይህ ነው!

ሦስተኛ፣ ስለ ደንብ አክባሪነትዎ። ዞር ብዬ ጉዳዩን በጆሮው ባስረዳው «እማማ አልፈልግም ብለዋል፣ ተመዝግቧል» አለኝ። ሁሉም ራቁቱን የሚገባበትን የጋራውን መታጠቢያ ሰው በሌለበት ሰዓት እንድትገባበት ብለምነውም ደንቡ አይፈቅድም አለኝ። እናቴ ሆቴሉ የሰጣትን ቀሚስ ለብሳ፣ ፎጣዋን ይዛ ብቻዋን ወረደች። ስትመለስ ውሃው እንዴት ነበር አልኳት። «ደስ ይላል» አለች። ፎጣዋ ደረቅ ነበር።

ኋላ ቅሬታዬን ብልክልዎ፣ ስለ እናቴ ትሕትና አመስግነው ሌላ ነጥብ ጨመሩልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። በመጪው ወር ሐኪም ቤት ተመልሳ ትገባለች፤ ዶክተሮቹ ነጥብ ይቀበሉ እንደሆነ እጠይቅልዎታለሁ።

የሆቴልዎን ምንጣፍ በተራ ጫማዋ ለመርገጥ የታደለች፣ ለክብርዎ እስከ መሬት ዝቅ የምትል ባለ ታክሲ፣
ሺገኖ ኩዋባራ

ረስቼው፦ ስንወጣ እናቴ ለኦኩዳይራ የኑማዙ ደረቅ ዓሣ ሰጠችው። «ኧረ እማማ፣ አይገባም» አለ። ለመነችው። ደንቡ አይፈቅድልኝም አለ። አሁንም ለመነችው። በሦስተኛው በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠረጴዛው ሥር ከተተው። ስለዚህ፣ አቶ ናጋሚነ፣ አንድ ነገር በዚሁ ጋዜጣ ላይ በስምዎ ፈርመው ይመልሱልኝ፤ እናቴ ገና በመጀመሪያው «አይገባም» ዓሣዋን ይዛ ብትሄድ ኖሮ፣ እናንተ ሆቴል ውስጥ ምን ተብላ ትመዘገብ ነበር?