ለድመቷ ተብሎ የተስተካከለው ሴንሰር

ታዴዬ፣ የኔ ሰው፣

ከተለየኸኝ ይኸው ስምንት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አዲስ ነገር ስላልነበረኝ ነው። ባለፈው እሑድ ግን የራሴን ለቅሶ ደረስኩ። አትሳቅ!

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ልጃችን ሰናይት፣ እናቴን እዚህ መቱ ከተማ ብቻዋን ትቼ አዲስ አበባ እንቅልፍ አይወስደኝም ብላ፣ ክረምቱ ሳይገባ መጥታ ቤቱን ስማርት አደረገችው። አንተ አምፖል በርቶ ካየህ ቤቱን የምታናውጠው ሰውዬ ይህን ብታይ ምን ትል እንደነበር እንጃ፤ መብራቱ ስገባ ራሱ ይበራል፣ ስወጣ ራሱ ይጠፋል። ሳሎኑ ጥግ ደግሞ እንቁላል የምታህል ነጭ ነገር ለጥፋለች። ሴንሰር ነው የሚሉት። ሰው ሲንቀሳቀስ ያይና አዲስ አበባ ድረስ ወደ እሷ ስልክ መልእክት ይልካል፤ ቤቱ ለረጅም ሰዓት ጭር ሲልም እንዲሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ያሳየን አበሳ! ድመቷ ባለፈች ቁጥር ሰናይት ሥራ ቦታ ስልኳ ይጮህባታል። ሲሰለቻት በስልኳ ገብታ ቶሎ እንዳይነቃ ንቃቱን ዝቅ አደረገችው። እኔም እንዳዘዘችኝ ወንበር ላይ ወጥቼ ፊቱን ቀና አደረግኩት። ከዚያ ወዲያ ከጉልበት በታች ያለ ነገር አያይም። ሰናይትም ተገላገለች።

ታዴ፣ አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። በአርባህ የሐዘኑ ፍራሽ ሲነሣ እኔ አልተነሣሁም። ጎረቤት ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ሲወጣ ግን ፍራሹን ከቁም ሳጥኑ ኋላ ጎትቼ ሳሎኑ መሬት ላይ አነጥፍና እንደ መጀመሪያው ሳምንት ቁጭ እላለሁ። በር ሲንኳኳ ጠቅልዬ እደብቀዋለሁ። ሰናይት ስትደውል በርትቻለሁ እላታለሁ፤ መሬት ላይ መዋሌን ካወቀች ቤቱን ዘግታ ይዛኝ እንደምትሄድ ቁርጡን ነግራኛለች። እኔ ደግሞ አንተ የኖርክበትን ቤት ዘግቼ የትም አልሄድም።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ የስልኬን ድምፅ እንዳጠፋሁ ረስቼ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ፍራሼ ላይ ተጋደምኩ። ያን ቀን ባሰብኝ። እህልም አላሰኘኝም። ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ናት፤ ስሜን እየጠራች ደጋግማ አንኳኳች። ፍራሹ እንደተነጠፈ ነው፤ ለማንሣት ጉልበት አጣሁ። ዝም ብል ትሄዳለች ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሄደች።

ለካ ሰናይት ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ምንም እንቅስቃሴ የለም የሚል መልእክት እያየች ስትደውል፣ እኔ አላነሣ ስላት፣ የላከቻት እሷ ኖራለች። ጫልቱም መልስ ስታጣ በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቃ፣ ፍራሹ ላይ ተጋድሜ፣ ትንፋሼን ይዤ አየችኝ። ከዚህ በላይ ምን ትጠብቅ?

ትንሽ ቆይቶ እሪታ ሰማሁ። ማን ሞተ ብዬ ተስፈንጥሬ ተነሣሁና በሩን ከፈትኩ። ኧረ የእመቤቴ ያለህ! ጫልቱ ነጠላዋን አገልድማ ደረቷን ትደቃለች፣ የሰፈሩ ሴቶች ከኋላዋ፣ ሁለት የእድራችን ሰዎች የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ግቢው ውስጥ። የሚለቀሰው ለእኔ ነው! ዋዮ ዋዮ እያለች፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ከባሏ ፍራሽ ሳትነሣ ሄደች ትላለች፤ ስምንት ወር እያየሁ ዝም አልኳት ትላለች። ታውቅ ኖሯል! እኔ ተደብቄአለሁ ስል ለካ ታውቅ ኖሯል።

ቋሚ ከያዙት አንዱ ሲያየኝ እግሩ ላይ ለቀቀው። ጫልቱ መጥታ ፊቴን ዳበሰች፣ ትከሻዬን በቡጢ አለችኝ፣ ከዚያ አቅፋ አልለቅ አለችኝ። ስልኳ እጇ ላይ እንደተከፈተ ነው። ሰናይት ለቅሶውን ሁሉ ስትሰማ ኖራለች። ድምፄን ስትሰማ እማዬ ብላ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት ከልጄ ሰምቼ አላውቅም፣ አንተ ስትሞት እንኳ። በአንተ ለቅሶ እኔን ይዛ ነበር። በኔ ለቅሶ የምትይዘው አልነበራትም።

እናቴ የሞተች ጊዜ ትዝ ይልሃል? መሬት ይዤ አልነሣ ስል፣ ሚኒባስህ ጋቢና ውስጥ አስገብተህ ከመቱ እስከ እኛው ቡሬ ሦስት ቀን አመላለስከኝ። ተሳፋሪው ጋቢናውን ገዛችው ወይ እያለ ሲያጉረመርም አንተ ሬዲዮህን ከፍ አደረግክ። በሦስተኛው ቀን ቡሬ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ፈትቼ ሙዝ ግዛልኝ አልኩህ። ያኔ ነው አንተ ያለቀስከው። አንተ ከሄድክ ወዲያ የሚያነሣኝ ሰው የለም ብዬ ነበር፣ ታዴ።

ሰናይት በማግስቱ ደረሰች። ፍራሹን ቆማ አየችው። ቤቱን እዘጋለሁ ትላለች ስል አላለችም። ወንበር ላይ ወጥታ ሴንሰሩን ወደ ታች ልታዞረው፣ በስልኳም ንቃቱን ከፍ ልታደርገው ጀመረች። መሬት ላይም ብትሆኚ እንዲያይሽ ነው አለችኝ። እጇን ያዝኩና ተይው፣ እንዳለ ይሁን አልኳት፤ እኔ እነሣለታለሁ።

ፍራሹን በዚያው ቀን ለጫልቱ ሰጠኋት። ታዴዬ፣ አልረሳህም፤ በየቀኑ ስምህን ስጠራ እኖራለሁ፣ ግን ቆሜ። ልጅህን ሁለተኛ እንዲያ አላስጮሃትም።