የጎርፉ ሳይረንና የኔ አንድ መስመር

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዛሬም ዝናብ። ምሳ የቀዘቀዘ የአኩሪ አተር ቴምፔ ጥብስ። ከተራራው ሥር ካለው የጎርፍ ጥበቃ ጣቢያ ተረኛው አዛውንት ፓክ ሳርጁ ደወሉ። «ልጄ፣ የሠራሽልኝ ስክሪን የሳይረኑን ቁልፍ ስነካው ኩም ይላል። አኩርፎኝ ነው እንዴ?» ሳቅኩ። ወንዙ ዳር የተተከለው ሳይረን መልስ እስኪልክ ስክሪኑ ይደርቃል... ለምን?

ሐሙስ፣ ማርች 6
ገባኝ። ስክሪኑ የራሱ ዙር አለው፤ ምን ተነካ፣ ምን ልሳል እያለ ይዞራል። የሳይረኑን መልስ የሚጠብቀው ላይብረሪም፣ ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ፣ የራሱ ዙር አለው። ሁለቱም መሪውን ካልያዝኩ ባይ። አንዱን በሌላው ላይ ማሳፈር ነው መፍትሔው። አንድ ሳምንት ይፈጃል ብዬ ለአለቃዬ ለቡ ራትሚ ነገርኳት።

«አንድ ሳምንት? ርክክቡ እኮ ነገ ነው፣ ዌኒንግ። የሆነ ነገር አድርጊበት።»

አደረግኩበት። አንድ መስመር ኮድ... መልሱን እየጠበቅህ በመሃል የተነካውን አስተናግድ የሚል። አልደረቀም። ግን በመሃል ያው ቁልፍ ዳግም ቢነካስ? ማን ሁለቴ ይነካል ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ማርች 13
ጎርፍ መጣ። ሳይረኑ አልጮኸም። ፓክ ሳርጁ ቁልፉን ነኩ፣ ዝም። ደገሙት፣ ዝም። ወጥተው የቀርከሃውን ደወል ደበደቡ። ወንዙ ውስጥ የነበሩት አሸዋ ቆፋሪዎች ሰምተው ሸሹ። ከነሱ አንዱ፣ ካርሶ የሚባለው ግን የመኪናውን ሞተር አስነስቶ ስለነበር አልሰማም። እግሩ ተሰበረ። ሞቶ ቢሆንስ?

ዓርብ፣ ማርች 14
መዝገቡን አየሁ። ሁለት ንክኪ፣ አራት ሰከንድ ልዩነት። ሁለተኛው ትእዛዝ በመጀመሪያው ሆድ ውስጥ ጀመረ፤ አንዱ ሌላው እስኪያልቅ ሲጠብቅ ሁለቱም ቀሩ። የኔ መስመር ናት።

የቡ ራትሚ ሪፖርት፦ «ተረኛው በዕድሜ የገፉ ናቸው። ደጋግመው በመንካት ሥራውን አበላሽተዋል።» ፓክ ሳርጁ ከሥራ ታገዱ።

«እንዲህ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ እንዴት ነው?»

ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ። ፈሪ ነኝ።

እሑድ፣ ማርች 16
ጣቢያውን ለሚያስተዳድረው ወረዳ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ቀደድኩት።

ሐሙስ፣ ማርች 20
የሆነውን ሁሉ ሰኞ ጠዋት በስሜ ጽፌ ለወረዳው ላክኩ። ቡ ራትሚ አታናግረኝም፤ ሥራዬንም ለሌላ ሰጠችው። ከማስረከቤ በፊት ግን ላይብረሪውን በስክሪኑ ዙር ላይ አሳፈርኩት። አሥር ጊዜ ነካሁት፣ ጮኸ። የፈጀው ሦስት ቀን... ሳምንትም አልሞላ።

ፓክ ሳርጁ እገዳው ተነስቶላቸው ዛሬ ወደ ጣቢያው ተመለሱ። ሄጄ ነገርኳቸው። «ሁለቴ መንካትዎ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው። አውቅም ነበር።»

ቀኝ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ሳምንቱን ሙሉ እጄን ሳየው ነው የከረምኩት» አሉ። «ካርሶን የጎዳው ይሄ ነው እያልኩ።»

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ መልሰው ነበር።