የሐያት ጡጦ

መካነ ሰላም፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የታናሽ እህቴ የዘይነባ ልጅ፣ የሦስት ዓመቷ ሐያት፣ ያመጣሁላትን ብስኩት ነክሳ አለቀሰች። አፏን ከፍቼ ባየው የፊት ጥርሶቿ ጠቁረው ተሸራርፈዋል። ለካ ሁልጊዜ የምትተኛው ስኳር የበዛበት ሻይ በጡጦ እየጠባች ነው!

«እታለም፣ የወተት ጥርስ እኮ ነው፤ ይወልቃል» አለች ዘይነባ።

«እስኪወልቅስ በምን ትብላ?»

«ወላሂ፣ ይቺን ለምትሠሪበት መጽሔት ልትጽፊያት ነው!»

ሳቅን። በልጅነታችን ስኳር እናታችን ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይከርምና ለኢድ ብቻ ነበር የሚወጣው። ጠዋት ጠዋት የወይራ መፋቂያ ይዘን ደጃፍ ላይ እንደረደራለን። የወለቀ ጥርሳችንን ሳር ክዳኑ ላይ ወርውረን በባዶ ድዳችን እንሳሳቅ ነበር። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!

ከቀትር በኋላ ዘይነባ ጡጦውን ውሃ ብቻ ሞልታ ሰጠቻት። ሐያት ቀመሰችና አሽቀነጠረችው። ጩኸቷ ጎረቤት ጠራ። ዘይነባ ስኳሩን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ልጅቷን አዝላ ጓሮውን ትዞር ጀመር። እሹሩሩዋ የእናታችን ነው፣ ድምፁ ሳይቀር። ሐያት እየተንሰቀሰቀች እንቅልፍ ወሰዳት።

እኔ ነገ ወደምኖርበት ከተማ እመለሳለሁ። ዘይነባ ብቻዋን ስትቀር፣ ያውም ሥራ ሲበዛባት... እንጃ።