የሳሎኑን መስኮት ስንፍቅ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ወንድምዓለም፣

እንዴት ሰነበትክ? ሥራው፣ ልጆቹ፣ ጤናህስ? እኛ አለን። መልስ ስላዘገየሁ አትቀየመኝ፤ እጄ ብዕር የሚይዝበት ጊዜ አጥቶ ነው።

ባለፈው በስልክ «አባዬ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው» ያልኩህ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ነው። እኔን ካላወቀኝ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ከማልበሱም ከማብላቱም ይልቅ ያደከመኝ በየጠዋቱ «አንቺ ማነሽ?» ሲለኝ መልስ መስጠቱ ነው።

ሰኞ ዕለት፣ ዝናቡ ሳይገባ ብዬ የሳሎኑን መስኮት መፋቅ ጀመርኩ። ቀለሙ ተላልጦ እንጨቱ ውሃ እየጠጣ ነው። ሠራተኛ ብጠራ በቀለለኝ፤ ግን አባዬ እንግዳ ሰው ሲያይ ይበረግጋል። የብርጭቆ ወረቀት ይዤ በደረቁ ስፈገፍግ ቤቱ በአቧራ ታፈነ። አባዬ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ማነው ሥራ ያስተማረሽ? የድሮ ቀለም በደረቁ ይፋቃል እንዴ? ሳንባሽን ልትጨርሺው ነው?»

ወረቀቱን ነጥቆኝ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሲቀባ የኖረው እጁ፣ አሁን ማንኪያ ሲይዝ እንኳ የሚንቀጠቀጠው፣ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ቀጥ አለ።

«በእንጨቱ መስመር ሂጂ፤ አታቋርጪው።»

ሦስት ቀን አብረን ሠራን። የላላውን ቀለም በስፓቱላ አነሳን፤ የተቦረቦረውን በስቱኮ ደፈንን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ እየዳበሰ «እዚህ ጋ ይቀራል» ይለኛል፤ እውነትም ይቀራል። ትናንት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ብቅ ስትል ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «ይቺ ሴትዮ እጇ ደህና ነው፤ የማን ልጅ ናት?» አላት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ውሃውን ልድፋ ብዬ ጓሮ ወጣሁና ቆየሁ።

ዛሬ የቀረን የላይኛው ጠርዝ ብቻ ነው። እኔ ወንበር ላይ ቆሜም አልደርስበትም፤ እሱን ደግሞ መሰላል ላይ አላወጣውም። አንጋጦ ሲያይ ቆየና፣

«ያ ረጅሙ ልጅ የታለ? የላይ የላዩን እሱ ነበር የሚሠራልኝ» አለኝ።

«ሩቅ ነው ያለው።»

«ታዲያ ጥሪው እንጂ! ብቻሽን እስከ መቼ ልትችይው ነው?»

ወንበሩን ወደ ቦታው መልሼ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። መስኮቱም ሳይቀባ እንዳለ አለ።

ልጆቹን ሳሚልኝ ብላለች በላት ለሚስትህ። ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ፤ መንገድህንም ያቅናልህ።

እህትህ